ያረረ ጥጥ

ታኅሣሥ 13 ቀን 2012፣ ሰኞ

ጠዋት ብርድ። ከሰዓት ደረቅ ፀሐይና አቧራ። የእህቴን ልጅ ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበልኩት። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ከሄደ ዘጠኝ ዓመቱ። ቁመቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ነው፤ ድምፁም የአባቱን ሆኗል። ሲያቅፈኝ እንጆሪ እንጆሪ ሸተተኝ። ከረሜላ መሰለኝ።

ማታ ብቻውን ግቢ ወጥቶ ቆየ። በመስኮት አየሁት። ከአፉ እንደ ደመና ያለ ነጭ ነገር ይወጣል፤ አጥሩን ሳያልፍ ይጠፋል። ሲጋራ አይደለም። አልጠየቅሁትም።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ራሱ ነገረኝ። «አክስቴ፣ ሲጋራ ያቆምኩት በዚህ ቬፕ፣ በኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ነው» አለ። ሲጋራ ያጨስ እንደነበርም የሰማሁት ገና ዛሬ ነው። እህቴ ታውቅ ይሆን?

ዕቃዎቹን ጠረጴዛው ላይ አወጣቸው። ፕሮፒሊን ግላይኮል። ግሊሰሪን። የጣዕም ጠርሙሶች። አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ኒኮቲን፣ በሚሊሊትር 100 ሚሊግራም። በሲሪንጅ እየለካ ራሱ ነው የሚቀምመው፤ 80 እጅ ግሊሰሪን፣ 20 እጅ ግላይኮል። ግሊሰሪኑ ደመናውን ያወፍረዋል። ግላይኮሉ ቀጭን ነው፤ ጣዕሙን ይሸከማል፣ ጉሮሮ ይነካል። ሲለካ እጁ አይንቀጠቀጥም። ብዙ ተማሪ ላብራቶሪ ውስጥ አይቻለሁ፤ እንዲህ ተጠንቅቆ የሚለካ ጥቂት ነው። ደስ ብሎኝ ሳየው ቆየሁ። ከዚያ የሚለካው ምን እንደሆነ ትዝ አለኝ።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

መብራት የለም። ውኃም።

የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጁን ፈልጌ አነበብኩ፤ ቁጥር 1112/2011። ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማምረት፣ ማስመጣት፣ ማከፋፈል፣ መሸጥ ክልክል ነው። ሺሻም አብሮ ተጠቅሷል። እንግሊዝ አገር ደግሞ የጤና ባለሥልጣናቱ አጫሾችን «ከሲጋራው ይልቅ ይኼ ይሻላችኋል» ይላሉ። ለልጁ ሁለቱንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። እኔ ራሴ የትኛው ጋር እንደቆምኩ አልለየሁም። እሱ ሲጋራውን ትቷል። ይኼ ትንሽ ነገር ነው?

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

ሽሮ ልሠራ ዘይቱን ጥጄ ስልክ አነሳሁ። ጨሰ። ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬን አነቀኝ። መስኮት ከፈትኩ።

ያ የሚያስለቅሰው ነገር አክሮሊን ነው። ዘይት ውስጥ ያለው ግሊሰሪን ከልክ በላይ ሲሞቅ ውኃ ያጣና ወደዚያ ይለወጣል። ለተማሪ ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። የልጁ ጠርሙስ ውስጥ ያለውም ያው ግሊሰሪን ነው። መጥበሻው እጁ ውስጥ፣ ጭሱ በቀጥታ ወደ ሳንባው።

ግላይኮል በ188 ዲግሪ ይፈላል፣ ግሊሰሪን በ290። ይህ በባሕር ጠለል ነው፤ ጎንደር ላይ ውኃ እንኳ 93 ገደማ ሲደርስ ይፈላል፣ እነሱም ዝቅ ማለታቸው አይቀርም። ቢሆንም ግሊሰሪን የበዛበት ድብልቅ ለመትነን የበለጠ እሳት ይጠይቃል። ወፍራም ደመና የወደደ ሰው እሳቱንም ይጨምራል።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ፣ ገብርኤል

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ኮይል ሲቀይር አገኘሁት። ከጣት ጥፍር የማይበልጥ የሽቦ ጥቅልል፣ መሃሉ ላይ ጥጥ። አሮጌው ጠቁሯል። እንደ ተቃጠለ ስኳር የተጋገረ ነገር ይዞታል፤ ከማጣፈጫው ነው አለኝ።

«ሙቀቱን በምን ታውቃለህ?» አልኩት። ማሳያው ላይ ያለው ዋት ብቻ ነው። ዋት ደግሞ የሚገባውን ጉልበት ይናገራል እንጂ ሽቦው ስንት ዲግሪ እንደደረሰ አይናገርም። ሙቀት የሚቆጣጠሩ መሣሪያዎችም አሉ፤ ሽቦው ሲሞቅ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ስለሚጨምር ከዚያ ያሰላሉ። ለዚህ ኒኬል፣ ቲታኒየም ወይም የማይዝግ ብረት መሆን አለበት። የእሱ ሽቦ ካንታል የሚባል ቅይጥ ነው። የካንታል መቋቋም ቢሞቅም እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ መሣሪያው ሙቀቱን አያይም፤ ልጁም አያይም።

ጥጡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ችግሩ አነስተኛ ነው። ፈሳሹ እየተነነ ሙቀቱን ይወስዳል፤ ውኃ ያለው ድስት እንደማያር። ችግሩ ጥጡ ሲደርቅ ነው።

ታኅሣሥ 22፣ ረቡዕ፣ ደባርቅ

እናቴ ዘንድ መጣን። አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን ብርዱ ከፋ። ዳባት ላይ ሻይ ጠጣን። ገብሱ ታጭዶ ክምር ላይ ነው፤ አንዳንዱ አውድማ ላይ ወርዷል።

ማታ ውርጭ። ልጁ ጋቢ ደርቦ ደጅ ወጣ፤ እኔም ተከተልኩት። ጠርሙሱን አሳየኝ። ፈሳሹ እንደ ማር ወፍሯል፤ ገልብጦት እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። አልመጣ ሲለው ዋቱን ከ60 ወደ 80 ከፍ አደረገው። ሳበ። ወዲያው ጎንበስ ብሎ አሳለው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። አላቆም አለ። ጀርባውን ያዝኩት። አጥንቱ ይንቀጠቀጣል።

እናቴ ከውስጥ «ይማርህ ልጄ! ምነው፣ ጨርቅ ተቃጠለ እንዴ?» አለች።

በእርግጥም የተቃጠለው ጥጡ ነው። ብርዱ ፈሳሹን አወፈረው፣ ወፍራሙ ፈሳሽ ወደ ኮይሉ ቶሎ አልደረሰም፣ ጥጡ ደረቀ፣ እሱ ደግሞ እሳቱን ጨመረ። ሜሪላንድ በሞቀ ቤት ውስጥ ደህና የነበረ ቅመም። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ፣ ደባርቅ

ማድቤቱ በጭስ ጥቁር። ከጣራው ጥቀርሻ ተንጠልጥሏል። እናቴ ኩበቱ ላይ ጎንበስ ብላ ትነፋለች፣ ታስላለች፣ ትነፋለች። ስድሳ ዓመት እንዲህ። የልጁን እያሰብኩ ስንት ቀን ሆነኝ፤ የእሷን ስንት ጊዜ አሰብኩ? ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ላሠራላት ነው። ከሚያዝያ በፊት።

ልጁ አጠገቧ ተቀምጦ እሳቱን ያያል። «ጭሱ ያምሻል እማማ?» አላት። «ለምጄዋለሁ» አለችው። ዛሬ አንድ ጊዜም ሲስብ አላየሁትም። ጉሮሮው እያመመው ይሆናል።

ታኅሣሥ 26፣ እሑድ፣ ጎንደር

ኢንተርኔቱ ደህና ነበር። ሳነብ ዋልኩ።

በ2015 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች መሣሪያውን በሁለት ኃይል ሞከሩት። በ3.3 ቮልት ፎርማልዴሃይድ የሚለቅ ውሁድ አላገኙም። በ5 ቮልት ብዙ አገኙ። ፋርሳሊኖስ የሚባል ግሪካዊ የልብ ሐኪም ተቃወማቸው፦ በዚያ ሙቀት ጥጡ ያርራል፣ ጣዕሙን ማንም ሰው አይችለውም፣ ይተፋዋል።

ደባርቅ ላይ በዓይኔ ያየሁት ይህንኑ ነው። አልቻለውም። ግሪካዊው ልክ ነው። ግን ትንሽ ብቻ ሲያርር? እንጆሪው ሲሸፍነው? ዘይት ሲጨስ መስኮት የምከፍተው ስለሚሸተኝ ነው።

ፎርማልዴሃይድን አውቀዋለሁ፤ ፎርማሊን ውስጥ ያለው ነው። ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን አናቶሚ ክፍል ገብቼ ሽታው ሳምንት ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ከአንዳንድ መሣሪያዎች ደግሞ ኒኬልና ክሮሚየም ወደ እንፋሎቱ እንደሚገባ ሌሎች ተመራማሪዎች ለክተዋል። ይኼን ገና አልነገርኩትም። ዛሬ ብዙ ተናግሬያለሁ።

ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ፣ ገና

ዘንድሮ ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ገና በ28 ዋለ። ዶሮ፣ ጠላ፣ ጎረቤት በሙሉ።

ቡና እየተፈላ የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ ጠረጴዛው ላይ የኒኮቲኗን ጠርሙስ ይዛ አየኋት። ክዳኗ አልተከፈተም። ነጥቄ ወሰድኩ፤ ልጅቷ አለቀሰች። ከዚያ ጠርሙስ ትንሽ ጉንጭ ለሕፃን ሞት ነው። በቆዳም ይገባል። ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። አልተቆጣሁትም። ጠርሙሷን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። እጄ እስከ ማታ ሲንቀጠቀጥ ነበር።

ጥር 1፣ ዓርብ

የቀመመው አልቆበታል። ፒያሳ የተዋወቀው ልጅ ከአዲስ አበባ የመጣ ጠርሙስ ሰጠው። ምንም አልተጻፈበትም። ቡናማ ነገር። ሲሸቱት ቅቤ ቅቤ ይላል።

ቅቤ ያስፈራኛል። ሚዙሪ ውስጥ የፈንዲሻ ፋብሪካ ሠራተኞችን ሳንባ ያበላሸው ዳይአሴቲል የቅቤ ጣዕም ነበር። ሲበሉት ምንም የማያደርግ፣ ሲተነፍሱት ግን ሌላ። አሜሪካ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቬፕ ስበው ሳንባቸውን የታመሙት ከ2,500 በላይ ሆነዋል፣ የሞቱት ከ50 በላይ። አብዛኞቹ ከመንገድ የተገዛ የካናቢስ ዘይት የሳቡ ናቸው። ከ29 ሕመምተኞች ሳንባ የተቀዳው ፈሳሽ ሲመረመር በ29ኙም ቫይታሚን ኢ አሲቴት ተገኘ። ለማወፈሪያ የጨመሩት። በእንክብል የሚዋጥ፣ በቆዳ ቅባት የሚገኝ ነገር።

«ምን እንዳለበት ታውቃለህ?» አልኩት። ጠርሙሱን አገላብጦ አየው። አላወቀም። መታጠቢያው ላይ ደፋው። ሽታው እስካሁን አለ።

አዋጁ ባይኖር ጠርሙሱ ላይ ጽሑፍ ይኖር ነበር? ወይስ አምስት እጥፍ ጠርሙስ ፒያሳ ላይ ይደረደር ነበር? ክፍሌ ውስጥ ያሉትን ልጆች ሳስብ አዋጁ ይኑር እላለሁ።

ጥር 3፣ እሑድ

ነገ ይሄዳል። ትምህርቱ ስለሚጀመር ጥምቀትን አያይም። ፋሲል መዋኛ ድረስ ሄደን አጥሩን ዞርን፤ ዛፎቹ ሥር ቆመን ዝም።

ለመንገድ ግማሽ በግማሽ እቀምማለሁ አለ፤ ቀጭን እንዲሆን። ዋቱንም ከ40 አላሳልፍም አለ። ኒኮቲኑን በየወሩ ሊቀንስ ነው። «ጎበዝ» አልኩት። ከዚያ ቅር አለኝ። ሦስት ሳምንት እንዴት ሳያር እንደሚስብ ሳስተምረው ነው የከረምኩት። ተወው ያልኩት አንድ ጊዜ ነው፣ ደባርቅ፣ ጀርባውን ይዤ። እዚያም የሰማኝ አልመሰለኝም።

ጥር 4፣ ሰኞ

አዘዞ አደረስኩት። ሲያቅፈኝ አሁንም እንጆሪ።

ቤት ስገባ ያ የደባርቁ ኮይል መስኮቱ ላይ ቀርቷል። ጥጡን በመርፌ ፈታሁት። ሽቦው የነካው መሃሉ ጥቁር ነው፣ ጫፍና ጫፉ ነጭ። በወረቀት ጠቀለልኩት። ነገ ክፍል ይዤው ልገባ አስቤያለሁ። የማያውቁትን ማስተዋወቅ ይሆን? የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሁለቱ ግን ቬፕ እንደሚስቡ ሽታው ነግሮኛል።

ንፋስ ተነስቷል። ልብስ አላወረድኩም።