የማዕዱ ዋጋ

ለዛሬ የምርጫውንና የሥልጣኑን ነገር ለጊዜው ወደ ጎን እንበለውና ስለ አንድ የእሑድ ማዕድ እናውጋ። ወጉ ሃይማኖታዊ ቢመስልም ከፖለቲካ የራቀ እንዳልሆነ ዝቅ ብላችሁ ታገኙታላችሁ።

ለትምህርት ወደ አሜሪካ በመጣሁበት የመጀመሪያ ዓመት፣ የዩኒቨርሲቲያችን ጎረቤት የሆነች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ለውጭ አገር ተማሪዎች እራት ታዘጋጅ ነበር። ካፖርት ሰጥተውኛል፤ ገበያ አድርሰውኛል፤ ውለታቸውን አልረሳም። አንድ ምሽት ግን አንድ ጎልማሳ አጠገቤ ተቀመጠና «ለመሆኑ ስለ ኢየሱስ ሰምተህ ታውቃለህ?» ሲል ጠየቀኝ። በአርባ ቀኔ የተጠመቅሁ፣ የአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢዛና ክርስትና ወራሽ ነኝ የምል ሰው፣ «ከእናንተ በፊት ሰምተናል» ለማለት ቃጥቶኝ ነበር። አፌ ምግብ ይዞ ስለ ነበር ዝም አልሁ። ቤተ ክርስቲያኔን የማልለውጥ መሆኔ ሲታወቅ የዚያ ሰው ስልክ ቀስ በቀስ ጠፋ። በአንጻሩ በዚያው ማኅበር የነበሩ አንድ አዛውንትና ባለቤታቸው ጥምቀትን እንዴት እንደምናከብር ጠየቁኝ፤ ስመልስላቸውም አዳመጡ። ከተማውን ለቅቄ እስክሄድ ድረስ መደወላቸውን አላቋረጡም። ስለ እምነታቸው የነገሩኝ ጥቂት ነው፤ ያስተማሩኝ ግን ብዙ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ስምንት የተጻፈውን የጃንደረባውን ታሪክ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ምሁራን አገሩን መሮኤ ቢያደርጉትም እኛ የራሳችን አድርገን እናነበዋለን። ፊልጶስ ወደ ሠረገላው የቀረበው በጥያቄ ነው፤ ወጥቶ የተቀመጠውም ሲጋበዝ ነው። ከጥምቀቱም በኋላ መንገደኛውን ተከትሎ አልቆጠረውም፤ ሰውዬው ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው ፍሬምናጦስም ቢሆን ከጢሮስ ተነሥቶ በምርኮ አክሱም የገባ ባዕድ ልጅ ነበር። ጳጳስ ሆኖ ከመሾሙ በፊት ለዓመታት በቤተ መንግሥቱ አገልግሏል፣ ከሰዉ ጋር ኖሯል። እንግዳ ተቀባዮች ነን ብለን የምንኮራ እኛ፣ ወንጌልን ራሱን የተቀበልነው ከእንግዳ እጅ መሆኑን እንዘነጋለን።

ፖለቲካው እዚህ ላይ ይመጣል። የዛሬው እንግዳ ተማሪ የነገ ሚኒስትር፣ የነገ ዐመፀኛ ወይም የነገ ሰማዕት ሊሆን ይችላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ክዋሜ ንክሩማ በ1935 ወደ ፔንሲልቫኒያው ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነገረ መለኮት ጭምር አጥንቷል፤ በጥቁር አሜሪካውያን አብያተ ክርስቲያናትም ሰብኳል። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1960ዎቹ ሚኒሶታ ተምረው ተመለሱና የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ በ1979 በደርግ ተገደሉ። ግብጻዊው ሰይድ ቁጥብ ደግሞ ከ1948 እስከ 1950 አሜሪካ ቆይቶ፣ በኮሎራዶዋ ግሪሊ ከተማ የቤተ ክርስቲያን የዳንስ ምሽት ሳይቀር ታዝቦ፣ አገሪቱን አምርሮ ነቀፈ፤ ኋላም የእስላማዊ ፖለቲካ ዋና አሳቢ ሆነ። አንድ እራት የሰውን ዕጣ ይወስናል ማለቴ አይደለም። ተማሪ ግን ያየውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ከዓመታት በኋላ እኔም በተራዬ ቤቴን ለውጭ አገር ተማሪዎች ከፈትሁ። ከእነርሱ አንዱ ሙስሊም ነበር። ወጉ ያማረ፣ ቡና የሚወድ ልጅ ነው። አንድ ቀን ስለ እምነቴ ረዘም አድርጌ አጫወትሁት፤ በትሕትና አዳመጠኝና በራሱ እምነት እንደሚጸና ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ አልደወልሁለትም። «ሥራ በዛብኝ» ለሚል ሰበብ ማን ያንሳል! ያንን ጎልማሳ ለዓመታት ስወቅስ ኖሬ እኔው ራሴ እርሱን ሆኜ ተገኘሁ። በእስልምና ትውፊት እንደሚነገረው፣ በ615 ገደማ ከመካ ተሰድደው የመጡትን የተቀበለው የአክሱም ንጉሥ ለጥገኝነቱ ዋጋ ማተብ እሰሩ አላላቸውም። እኔ ግን ለአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ቆርጬ ነበር።

ባለፈው ፋሲካ በማዕዳችን አንድ ቻይናዊ ተማሪ ነበር። ሁዳዴን ሙሉ እየመጣ ሽሮ ሲበላ የሰነበተ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ማን እንደሚያስጾመን ጠይቆ፣ ማንም አያስገድደንም ብለው ተገርሟል። ዶሮው ቀርቦ ሁሉም ሲጫወት፣ በአገሩ በሚያዝያ መጀመሪያ የአያቶችን መቃብር የሚያጸዱበት በዓል እንዳለና ዘንድሮ የአያቱን መቃብር ሳያጸዳ እንደቀረ ነገረኝ። ቀጠለና «አያቴ ስለ እናንተ አምላክ ሳትሰማ ሞታለች፤ የት ናት?» አለኝ።

ሰባኪ ብሆን የተዘጋጀ መልስ ይኖረኝ ነበር። «እኔ ፈራጅ አይደለሁም፤ የማምነው አምላክ ግን ከእኔም ከአንተም ይልቅ ይወዳታል» አልሁት። ዝም ብሎ ቆየና «እኔ የምጠመቅ አይመስለኝም። እሑድ እሑድ መምጣት እችላለሁ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው አንጀቴን በላው። ከእኔ በፊት ሌላ ቤት ስልክ የጠፋበት ልጅ መሆኑን ከዓይኑ ያነበብሁ መሰለኝ። «እሑድ ባትመጣ ባለቤቴ ትቆጣለች» ብዬው ሳቅን።

እምነታችንን እንደብቅ የሚል ሰው ካለ አልስማማም፤ ለወዳጁ የሚወደውን ነገር የሚደብቅ ወዳጅ አይደለም። በመራብና በመብላት፣ በብቸኝነትና በማዕድ መካከል ሆኖ የሚሰበክ ወንጌል ግን ከመንጠቆ አይለይም። እርዳታን ከምርጫ ካርድ ጋር የሚያያይዝ ካድሬን የምንነቅፍ ሰዎች፣ ወጥን ከጥምቀት ጋር ስናያይዝ እንዳንገኝ እፈራለሁ።

በዚያው ሳምንት ለሙስሊሙ ወዳጄ ደወልሁለት። ይቅርታ ስጠይቀው «ቡናው አለ?» ብቻ አለኝ።

ቸር እንሰንብት።