ስም ከመቃብር በላይ

እኛ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ተሰብስበን የሊኑክስን ከርነል፣ ማለት የኮምፒዩተሩን ማስኬጃ ሥርዓት እምብርት፣ ከምንጭ ጽሑፉ ስንገነባ በመካከላችን ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቻችን «የዲበግ መረጃው ዲስክ ከማጣበብና ግንባታውን ከማዘግየት በቀር ምን ይረባናል? ከርነሉ ያለ እርሱም ይነሣል» አልን። የቀረነው ግን መረጃው ይኑር ብለን አጥብቀን ተከራከርን። ይህ ሐሳብ ለምን እንደ ረታ ማስረዳት እንወዳለን።

ኮምፓይለሩ ምንጩን ወደ መኪናው ቋንቋ ሲለውጥ ሰው ያወጣውን ስም አይፈልገውም፤ ለፕሮሰሰሩ ቁጥርና አድራሻ ይበቃዋል። ከርነሉ ሲወድቅ የፋንክሽኖቹን ስም ከራሱ ሰንጠረዥ አውጥቶ ሊነግረን ይችላል። ነገሩ በየትኛው ፋይል፣ በስንተኛው መስመር እንደ ደረሰ የሚያስረዳን ግን የዲበግ መረጃው ነው። ስለዚህ ከግንባታው በፊት በማዋቀሪያው ላይ «ከርነል ሃኪንግ» ከተባለው ክፍል ገብቶ እርሱን መምረጥ ያስፈልጋል።

በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ግንባታው ሲያልቅ ሁለት ፋይሎች እናገኛለን። «ቢዚኢሜጅ» የተባለው ታምቆ የሚነሣው ነው፤ የዲበግ መረጃው ግን ተገፎለታል። «ቪኤምሊኑክስ» የተባለው መረጃውን ሁሉ እንደ ያዘ ይቀራል። የመጀመሪያውን ኪዩኢሙ በተባለው አስመሳይ ኮምፒዩተር እናስነሣለን፤ ሁለተኛውን ጂዲቢ ለተባለው ዲበገር እንሰጠዋለን፤ እነዚህም በ1234 ቁጥር ፖርት ይገናኛሉ። ሁለቱ ፋይሎች ከአንድ ግንባታ የተገኙ ካልሆኑ ዲበገሩ የአንዱን ስም ለሌላው እየሰጠ ያሳስተናል። ደግሞም ከርነሉ በተነሣ ቁጥር አድራሻውን እንዳይቀያይር፣ ለምርመራው ጊዜ «ኖካስልር» የሚለውን ቃል በማስነሻው ትእዛዝ ላይ መጨመር ይገባል።

ነገሩ ግን የዲስክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ ሳለ ነው። ምንጩ ለሁሉ የተከፈተ ሆኖ ሳለ፣ በተበላሸ ቁጥር እጃችንን አጣጥፈን ሌላው እስኪጠግንልን የምንጠብቅ ከሆነ መከፈቱ ለእኛ ምን ፋይዳ አለው? የሰው ሥራ ተጠቃሚ ብቻ ሆኖ መቅረትና ሠሪ መሆን የሚለዩት በዚህ ነው።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ከርነልም ስሙ ከተጠበቀለት ከወደቀ በኋላ እንኳ ይመሰክራል። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ዲስኩን አንሰስት፤ ጠይቀን መልስ የምናገኝበትን መንገድ በገዛ እጃችን አንዝጋ።