«ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚለው ኮምፓይለር

ሥራዬን ለእናቴ ማስረዳት ከተውኩ ቆየሁ። እሷ «ስክሪን የሚያበራው ልጄ» ትላለች፣ እኔም አላርማትም፤ ብዙም አልራቀችም እኮ። ግራፊክስ ድራይቨር ማለት አስተርጓሚ ነው። አንድ ፕሮግራም «እዚህ ጋ ቀይ መስመር ሳል» ሲል፣ ድራይቨሩ የግራፊክስ ቺፑ ወደሚገባው ቁጥር ይለውጠዋል። ይህ አስተርጓሚ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በሲ ነው።

ሲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላብስ፣ በዴኒስ ሪቺ እጅ የተወለደ ቋንቋ ነው። ዩኒክስ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው መዞር የቻለው በሲ እንደገና ስለተጻፈ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሲ የትም ይሠራል» ይባላል። ይሠራል፣ አዎ። ግን አንድ ዓይነት ሆኖ ይሠራል ያለ የለም። ለምሳሌ «ሎንግ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት ቢያንስ 32 ቢት ይሁን ይላል ሕጉ፣ በቃ። ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 64 ነው፤ ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ግን 32 ሆኖ ቀርቷል። በ1999 የወጣው የሲ ደረጃ ስፋታቸው ከስማቸው የሚታወቅ ዓይነቶችን ስላመጣ፣ ዛሬ ድራይቨር ውስጥ «ሎንግ» የሚጽፍ ሰው ሳይ ደስ አይለኝም።

ስፋቱን ብቻ ማወቅ ግን አይበቃም። ድራይቨር ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው፤ አንዱ ከፕሮግራሙ ጎን ይኖራል፣ ሌላው ከርነል ውስጥ። የሚነጋገሩት ቅጽ በመሙላት ነው በሉት። ቅጹ ላይ መጀመሪያ 4 ባይት የሚይዝ ቁጥር፣ ቀጥሎ 8 ባይት የሚይዝ ቁጥር አለ እንበል። ስንት ባይት ነው? 12 ካላችሁ ልክ ናችሁ። 16 ካላችሁም ልክ ናችሁ።

ሊኑክስ ላይ የ32 ቢት ኢንቴል ኮምፓይለር እንደ ታክሲ ረዳት ነው። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ብሎ ሁለተኛውን ቁጥር ከመጀመሪያው ጎን ይሰካዋል። 12 ባይት፣ ሳብ በለው! የ64 ቢቱ ግን እንደ አውሮፕላን አስተናጋጅ ነው፤ ባለ 8 ባይት ቁጥር ለ8 በሚካፈል ወንበር ላይ ካልሆነ አይቀመጥም ይላል፣ መሃል ላይ 4 ባይት ባዶ ይተዋል። አሁን የድሮ የ32 ቢት ፕሮግራም አዲስ የ64 ቢት ከርነል ላይ ሲሮጥ አስቡት። ፕሮግራሙ ቁጥሩን ከ4ኛው ወንበር ጀምሮ አስቀመጠ፤ ከርነሉ ከ8ኛው ጀምሮ ይፈልጋል። የሚያገኘው የቁጥሩን ግማሽና ከቅጹ ውጪ ያለ የማንም ያልሆነ ነገር ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ባዶውን ወንበር አንተው ራስህ ስም ሰጥተህ ትሞላዋለህ። የሊኑክስ ከርነል ሰነዶችም ይህንኑ ይመክራሉ። ማንም ኮምፓይለር የሚያጠጋጋው ነገር እንዳያገኝ ማለት ነው።

የባይት ቅደም ተከተል ጣጣም አለ። አንዳንድ ማሽን ትልቁን ባይት ያስቀድማል፣ አንዳንዱ ትንሹን። ግዕዝ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አረብኛና ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚጻፉት ነው፤ የሚያጣላ ነገር የለውም፣ አንባቢው በየት በኩል እንደሚጀምር እስካወቀ ድረስ። ካላወቀ ቀለም ይቀያየራል። እኔ የሙከራ ምስሌ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። ቀይና ሰማያዊ ቦታ ከተለዋወጡ አረንጓዴው አይነካም፣ ቢጫው ወደ ውሃ ሰማያዊ ይዞራል፣ ቀዩ ሰማያዊ ይሆናል። ችግሩ የት እንዳለ ከወንበሬ ሳልነሳ አውቃለሁ።

ይህን ሁሉ የአዋቂዎች ጨዋታ አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ባለፈው ዓመት ከጓደኛዬ ጋር ለአንድ ክሊኒክ የተራ ማሳያ ስክሪን ሠርተን ነበር። አርም ፕሮሰሰር ያላት መዳፍ የምታህል ቦርድ፣ ሊኑክስ፣ እና ፊደሎቹን ስክሪን ላይ የሚስል ሌላ ሰው የጻፈው የሲ ኮድ። «ክፍል 3፣ ተራ ቁጥር 41» እያለ ለወራት ሠራ። ከዚያ ቦርዷ ተቃጠለች። በምንዛሬው ዋጋ ሌላ ከማዘዝ ብለው መጋዘን የነበረ አሮጌ የኢንቴል ዴስክቶፕ አወጡ። ኮዱን እዚያው ላይ እንደገና ኮምፓይል አደረግነው፣ ቁጥሩ ወጣ፣ እንግሊዝኛው ወጣ። «ክፍል» ሲባል ስክሪኑ ጥቁር።

ሁለት ቀን ነርሷ በር ላይ ቆማ ቁጥር ስትጠራ ዋለች። ጆሯቸው የከበደ አንድ አባት ተራቸው አልፎ እስከ ከሰዓት ቁጭ ብለው ቆዩ። ማንም አልነገራቸውም፣ እሳቸውም ማንንም አልጠየቁም። ጓደኛዬ ደውሎ «ስማ፣ አማርኛውን አውጥተን ቁጥር ብቻ እናድርገው?» አለኝ። መፍትሔ ነበር። አልፈለግኩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ከሀ እስከ ፐ ያሉት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው 225 ነው። ሲ ደግሞ «ቻር» የሚለው ዓይነት ከዜሮ በታች ይውረድ አይውረድ ለኮምፓይለሩ ትቶታል። ሊኑክስ በአርም ላይ አይወርድም፤ በኢንቴል ላይ ይወርዳል። (አፕል በራሱ አርም ላይ እንዲወርድ አድርጎታል፣ ለመጨቃጨቅ ያህል።) ስለዚህ ቦርዷ ላይ 225 የነበረው ዴስክቶፑ ላይ −31 ሆነ። ኮዱ በዚያ ቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ ይፈልግ ነበርና፣ ከሰንጠረዡ መጀመሪያ 31 ቤት ወደ ኋላ ሄዶ ያገኘውን ቆሻሻ አንስቶ ወደቀ።

ጸሐፊው ሰነፍ አልነበረም፤ የቀረው ኮዱ ንጹህ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል ግን ሁሉም ከ128 በታች ነው፣ ስለዚህ እሱ ጠረጴዛ ላይ ይህ ስህተት የሚታይበት መንገድ የለም። አረብኛም፣ የፈረንሳይኛ ባለ ጭረት ፊደልም ቢገባ ይወድቅ ነበር። ለእሱ ፊደል ማለት 26 ነበር፤ ከዚያ ውጪ ያለ ሰው ክሊኒክ ውስጥ ተራ ሲጠብቅ አልታየውም።

ጥገናው አንድ ቃል ነው፤ «ቻር»ን ከዜሮ በታች የማይወርደው አደረግኩት። ስክሪኑ በሦስተኛው ቀን ጠዋት በራ። ለፕሮጀክቱም ላክሁላቸው፣ ኃላፊው ተቀብሎ «ፈተና ጨምርበት» አለኝ። «ክፍል» የሚለውን ቃል አስገባሁ፤ ሦስት ፊደል፣ ዘጠኝ ባይት። አሁን እዚያ ኮድ ላይ ማንም አንድ መስመር ሲቀይር፣ አንዴ በኢንቴል አንዴ በአርም «ክፍል» ይጻፋል።