እማና የሚያፏጨው ድስት

“ሙያ በልብ ነው” ይባላል። የእኔ ሙያ ግን እስከ 2011 ዓ.ም. ሁዳዴ ድረስ በልቤም በእጄም አልነበረም። አርባ ዓመት ያለፈኝ፣ የአገር ጉዳይ እተነትናለሁ ባይ ሰውዬ፣ ምድጃ ፊት ስቆም የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ሻይ ማፍላትና እንቁላል መጥበስ። እንቁላሉም ቢሆን ሁልጊዜ አይሳካም። ይህን የምነግራችሁ ልኮራበት አይደለም። እኔ ባደግሁበት አገር ወንድ ልጅ ማጀት ውስጥ ከታየ ወይ የሚሰርቀው ነገር አለ፣ ወይ ስም ይወጣለታል። እኔም ስም እንዳይወጣልኝ ስጠነቀቅ ነው ጎልማሳ የሆንሁት።

ያደግሁት ደጀን ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በመኪና የተጓዘ ሰው ያውቃታል። ጎሐ ጽዮንን አልፎ፣ የዓባይን ጥምዝምዝ ቁልቁለት ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ጆሮው እየተደፈነ ሽቅብ ሲወጣ አፋፉ ላይ የምትቀበለው ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገደኛ ምሳውን በልቶባት፣ እግሩን አፍታትቶባት ያልፋል። ጤፏን ግን አዲስ አበባ ቁጭ ብሎም ሲበላ ይኖራል።

በዚያ ሁዳዴ መጀመሪያ እናቴ ደብረ ማርቆስ ሄዳ የግራ ዓይኗ ሞራ ተገፈፈላት። ሐኪሙ ዓይኗን ሸፍኖ ሲያበቃ፣ “እናቴ፣ ለአንድ ወር ጭስ እንዳይነካዎት። እንዳያጎነብሱ፣ ከባድ ነገርም እንዳያነሱ” አላት። እማ ወደ እኔ ዞራ፣ “ታዲያ በሕይወት አለሽ የሚለኝ ምኔን አይቶ ነው?” አለችኝ። እህቴ አራስ ነበረች። ሌላ የሚረዳ ሴት ልጅ የለም። “ሴት ልጅ የለም” ስል ራሴን ሰማሁት። ከዚያ የዓመት ፈቃዴን ወሰድሁ።

ሙያ የሌለው ሰው ዕቃ ይገዛል። ከመርካቶ አንድ ፕሬዠር ኩከር፣ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና አንድ የሽንኩርት መፍጫ ብሌንደር ሸክፌ ነው ደጀን የገባሁት። እማ ሦስቱንም ባልታሸገው ዓይኗ ቃኘችና፣ “እና አንተስ ምን ልትሠራ መጣህ?” አለች።

የሚገርመው ቤቱ ውስጥ አራተኛ ዕቃም ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት የገዛሁላት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥግ ላይ ቆሟል። ክዳኑ ላይ ሬዲዮዋ፣ ከሬዲዮዋ ጎን ሰፌድ፣ ከሰፌዱ ላይ የበርበሬ ላስቲክ። ምጣዱ ጠረጴዛ ሆኗል። እንጀራው ከጓሮ፣ ከጭሱ ቤት፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በኩበት ነበር የሚጋገረው። “መብራት አይታመንም” ትል ነበር ለምን ብዬ ስጠይቃት። አላበለችም። ያ ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በዓል ዋዜማ ላይ መንደሩ ሁሉ ሲሰካ ኃይሉ ይደክምና ዳር ዳሩ ጥሬ ይቀራል። ሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም። ኩፍ ብሎ ሲጠብቅ መብራት ከሄደ ተስፋው ማገዶ ብቻ ነው። እኔም ምክንያቷን ተቀብዬ ዝም አልሁ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ የክክ አልጫ ነበር። ሽንኩርቱን ብሌንደር ውስጥ ከተትሁና አዞርሁት። በአንድ ደቂቃ ነጭ አጥሚት የመሰለ ነገር ወጣ። ደስ አለኝ። ድስት ላይ ሳፈሰው ግን የሚቁላላ ሳይሆን የሚንተከተክ ሆነ። እማ ከመደቧ ላይ ሆና፣ “ምንድን ነው የምትቀቅለው?” አለች። ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው አልኋት። “የሽንኩርት ድምፅ አይደለም ይኼ” አለችኝ። ልክ ነበረች። በቢላዋ የተከተፈ ሽንኩርት ውኃውን ቀስ ብሎ ይለቃል፤ የተፈጨው ግን ያለውን ሁሉ ባንዴ ያፈስሳል። ያ ውኃ እስኪመጥ ግማሽ ሰዓት ቆምሁ። መጨረሻም መረር አለ። ብሌንደሩን በማግስቱ ወደ ካርቶኑ መለስሁት።

ክኩ ደግሞ የባሰ ነው። ፕሬዠር ኩከሩን እስከ አፉ ሞላሁት፤ ብዙ ቢሆን ለነገም ይተርፋል ብዬ። ክክ ሲፈላ አረፋ ያበዛል። አረፋው መተንፈሻዋን ቀዳዳ ደፈናት። ድስቱ መጀመሪያ አቃሰተ፣ ቀጥሎ ተንቀጠቀጠ፣ በመጨረሻ በደኅንነት መክፈቻው በኩል ቢጫ አልጫውን እስከ ኮርኒሱ ተፋው። እማ “በስመ አብ!” ብላ ነጠላዋን ተከናነበች። ልትጠይቃት መጥታ የነበረች አንዲት ጎረቤታችን ከበሩ ውጭ ነው ራሷን ያገኘችው። ደግነቱ የተቃጠለ ሰው የለም።

ስትረጋጋ ጎረቤታችን በበሩ አንገቷን አስግጋ እኔን አየችኝ። ሽርጥ ታጥቄ፣ ማማሰያ ይዤ ቆሜአለሁ። “ወይ ጉድ! ልጅሽ ሴት ሆነልሽ?” አለቻት። እማ ከነጠላዋ ስር ሆና፣ “ሴት ቢሆንማ ወጡ ኮርኒስ ላይ ባልወጣ” አለች።

ዕቃው ግን ጥፋት አልነበረበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥራጥሬ ሲሆን ከግማሽ በላይ አይሞላም። ጠብታ ዘይት ጠብ ቢደረግበት አረፋውን ያበርደዋል። እንፋሎቱ ወጥቶ ሳያልቅ ክዳኑን መታገል ደግሞ ከእሳት ጋር መታገል ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ያ ድስት ወዳጄ ሆነ።

ለምን ወዳጅ እንደሆነኝ ያስተዋልሁት በሁለተኛው ሳምንት የባቄላ ንፍሮ ስቀቅል ነው። እማ ንፍሮ ስትቀቅል ከጠዋት ጀምራ እሳት ስትቆሰቁስ አስታውሳለሁ። ይኼኛው ቡና ተፈልቶ ሳያልቅ በሰለ። ነገሩ አስማት አይደለም። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ቶሎ ይፈላል፤ ቶሎ ፈላ ማለት ግን በዝቅተኛ ሙቀት ፈላ ማለት ነው። ደጀን ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚያ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ እንጨት ብትጨምሩበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ባቄላው የበለጠ ሙቀት አያገኝም። ታች ድልድዩ ጋ፣ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ሲወርድ፣ ያው ውኃ ከ96 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። የደጋ ሴት እንግዲህ ሳታውቀው የከፍታ ቀረጥ ስትከፍል ኖራለች ማለት ነው። የምትከፍለውም በማገዶ፣ በጊዜና በዓይኗ ነው።

የሚያፏጨው ድስት ያንን ቀረጥ ይሰርዛል። ክዳኑ እንፋሎቱን አምቆ ሲይዘው ግፊቱ ይጨምርና ውስጡ ያለው ሙቀት ደጀንም ላይ ቢሆን ከ110 ዲግሪ ይዘላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ደኒ ፓፔን የተባለ ፈረንሳዊ በ1679 እ.ኤ.አ. አጥንት ሳይቀር የሚያለሰልስ እንፋሎት አማቂ ድስት ሠርቶ ነበር። እንዳይፈነዳበት መተንፈሻ ያበጀለትም እሱው ነው። ሦስት መቶ ዓመት ከተሻገረ ብልሃት ጋር እኔና እማ የተገናኘነው ኮርኒሳችንን ቢጫ ቀብተን ነው።

ቀን ሲገፋ እማ ድስቱን መልመድ ጀመረች። መጀመሪያ፣ “ሳይቀመስ፣ ሳይማሰል፣ ተቆልፎበት የሚበስል ወጥ ምን ወጥ ይባላል?” ትል ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትቀምሰው ግን ዝም ብላ በላች። እማ ዝም ብላ በላች ማለት ትልቅ ምስክር ወረቀት ነው። ኋላ ኋላማ ከመደቧ ሆና፣ “አሁን አጥፋው፤ ፉጨቱ ቀጥኗል” ማለት ጀመረች። ሰዓቴን ሳይ ልክ ናት። ሽንኩርቱንም እንዲሁ በጆሮዋ ነበር የምታስቆላኝ። “አሁን ውኃ አለው… አሁን መጠጠ… አሁን ዘይት ጣል… አሁን በርበሬውን፣ ቶሎ፣ እሳቱን ቀንስ!” አርባ ዓመት ሙሉ በላሁት እንጂ የእማ ወጥ በጆሮ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ምሽት እኔ ሽሮ እየበጠበጥሁ፣ እሷ ጠብታዋን ካደረግሁላት በኋላ ጋደም ብላ፣ ሆዴ ያለውን አወጣሁት። “እማ፣ ያንን ምጣድ ያኔ ብትጋግሪበት ኖሮ’ኮ ዓይንሽ እንዲህ ባልተጎዳ። ሐኪሙ ዕድሜ ነው ዋናው ቢልም ጭሱም አግዞታል ብሏል። እውነት መብራት ስለማይታመን ብቻ ነው?”

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ “አንተ እኮ ነህ” አለች።

“እኔ? ምን አልሁ?”

“የገዛኸው ዓመት ለፋሲካ መጣህ። በሱ ጋግሬ አቀረብሁልህ። ‘እማ፣ ይች የከተማ እንጀራ ትመስላለች፤ የጭሱ ጠረን የላትም’ አልኸኝ። በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የምትመጣው ልጄ። መጥተህ ደግሞ የማትወደውን ላብላህ?”

ማማሰያው እጄ ላይ ቀረ።

ብያለሁ። ትዝ አለኝ። ለጨዋታ ያልሁት ነው። ብሎም እንደዋዛ ሁለት ቀን አድሬ፣ ባለቤቴ በኤሌክትሪክ ወደምትጋግርበት፣ ጭስ የሚባል ነገር ወደሌለበት ቤቴ ተመለስሁ። ይባስ ብሎም “የእናቴ ጓዳ ጭስ ናፈቀኝ” እያልሁ በጋዜጣ ጽፌአለሁ፤ አንባቢም ወዶልኛል። እኔ የምናፍቀውን ጭስ እሷ ስትስበው ኖራለች።

የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ይህን ቁጥር ሳነብ ድሮ ስለ ሩቅ አገር የሚወራ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከቁጥሩ ኋላ ስንት ልጅ “የጭሱ ጠረን የላትም” ብሎ ይሆን እላለሁ። ባህላችንን እንወዳለን። ባህሉን ተሸክሞ የሚያቆየው የማን ወገብ፣ የማን ሳንባ እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም። ጣዕሙ ያለው ሽንኩርቱን በትዕግሥት ከማቁላላቱ፣ ከበርበሬው ልክ፣ ከሊጡ መብሰል ላይ ነው። ይህንን ሁሉ እማ ዓይኗ ታስሮ፣ ምድጃው ኤሌክትሪክ ሆኖ፣ በእኔ ባልሠለጠነ እጅ ሳይቀር አውጥታዋለች። ጭሱ ሙያ አልነበረም።

በእርግጥ ዕቃ ብቻውን ነገር አይፈታም። መብራት በሌለበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ጠረጴዛ ነው። ለዚያ ደግሞ ሌላ መላ አለ፤ ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ የእንጀራውን ማገዶ እስከ ግማሽ ያህል ይቆጥባል፣ ላቀችም ከሰል ትቆጥባለች። ከእናቴ ደጅ ስር የሚያልፈው ዓባይ ደግሞ ወርዶ ወርዶ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውን ግድብ ይሞላል፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኔም እንደ ሁሉ ሰው እልል ብያለሁ። እልልታዬ ውስጥ ግን አንዲት ትንሽ ጸሎት ነበረች። የዚያ ኃይል ጥቂቱ ሽቅብ ተመልሶ ሊጡ ኩፍ ባለበት ሰዓት ደጀን ይድረስ የምትል።

ወሩ አለቀ። ዓይኗ ዳነ። ለፋሲካ ሬዲዮው ከምጣዱ ላይ ወርዶ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያዋን እንጀራ አውጥታ ስታቀርብልኝ አፌን ነበር የምታየው። “እንዴት ናት?” አለች። “ያንቺው ናት” አልኋት። ያች “ሴት ሆነልሽ?” ያለችው ጎረቤታችንም በሌላ ቀን መጥታ፣ “ያች የምታፏጨው ድስት ስንት ብር ናት?” ብላ በጆሮዬ ጠይቃኛለች።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በክልሉ በተነሳው ጦርነት ምክንያት መንገዱ እንደ ልብ አልሆነልኝም። የድስቱ የክዳን ጎማ አልቆ እንፋሎት ያመልጠው እንደጀመር ነገረችኝ። ጎማውን ከመርካቶ ገዝቼ አስቀምጬአለሁ፤ የሚወስድልኝ መንገደኛ ግን እስካሁን አላገኘሁም። “አይዞህ፣ ክዳኑን ትቼ ቅሉን እንደ ድስት እሠራበታለሁ” ትለኛለች። ስልኩም ቢሆን ሲገኝ ነው።

ሲገኝ ግን አንድ ልማድ አለን። እኔ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ወጥ የምሠራው ራሴ ነኝ። ባለፈው ሽንኩርት ጥጄ ሳለሁ ደወለች። “ምን እየሠራህ ነው?” አለችኝ። ነገርኋት። “እስቲ ስልኩን ወደ ድስቱ አስጠጋው” አለች። አስጠጋሁላት። ከዓባይ ወዲያ ማዶ ሆና ጥቂት አዳመጠች።

“ገና ነው ልጄ” አለችኝ። “ውኃ አለው። ጠብቅ።”