ክረምቱን ከልጆቻችን ጋር ደጅ

ደሴን የሚያውቅ ሰው የክረምቷን ነገር ያውቀዋል። ከጦሳ የሚወርደው ጉም ሰፈሩን ሲሸፍነው ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ ብርዱ አለ፤ ጭቃው አለ። ስለዚህም አብዛኛው ወላጅ «ትታመማላችሁ» እያለ በሩን ይዘጋል። እኛ ግን መምህራን እንደመሆናችን መስከረም ላይ የምናየው ነገር አለ። ተማሪዎቻችንን «ክረምቱን እንዴት አሳለፋችሁ?» ብለን ስናጽፋቸው የብዙዎቹ ወረቀት በሦስት መስመር ያልቃል። ተኛን፣ ስልክ አየን፣ ቂርአት ሄድን። የሴቶቹ ልጆች ከዚህም ያጥራል፦ «እናቴን አገዝኩ።» እናትን ማገዝ ትልቅ ዒባዳ ነው። ነገር ግን የሁለት ወር ዕረፍት፣ ከአባትና ከእናት ጋር ደጅ ወጥተው የሳቁበት አንድ ቀን እንኳ ሳይኖረው ሲያልፍ ያሳዝናል።

ውድ አንባቢያን፣ ዝናብ ረሕመት ነው እያልን ልጆቻችንን ከዝናብ ስናሸሽ ነው የምንውለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝናብ ሲጥል ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ገላቸውን እንዲነካው ያደርጉ እንደነበር፣ ምክንያቱን ሲጠየቁም ዝናቡ ከጌታው ዘንድ ገና መምጣቱ መሆኑን እንደተናገሩ አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋርም በጉዞ ላይ ሩጫ ተሽቀዳድመዋል፤ አንድ ጊዜ እሷ፣ ሌላ ጊዜ እሳቸው ቀድመዋል። «ቁም ነገረኛ አባት ከልጅ ጋር አይሮጥም» የሚለው የሰፈር ወግ እንግዲህ ከሱንና የመጣ አይደለም።

በቤታችን የለመድነው እንዲህ ነው። በደጋው ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚጥለው ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ጠዋቱ ብራ ሲሆን ረፋዱ ላይ እንወጣለን፤ ዙህርን እዚያው ሰግደን ሰማዩ ሳይጠቁር እንመለሳለን። አቅሙ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ለሌላው ከሰፈሩ በላይ ያለው ሜዳ ይበቃል።

ልጆቻችን ከሁሉ የወደዱት የጥላ ጨዋታውን ነው። አንድ ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ዱላ ሜዳው ላይ እንተክላለን። እነሱ በየጊዜው የጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር ያስቀምጣሉ። በሐምሌ ወር ጥላው እያጠረ ሄዶ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ከስንዝር ያንሳል፤ ከዚያ መልሶ መርዘም ይጀምራል። ዙህር የሚገባው ያኔ ነው። በመድረሳ «ዘዋል» ብለን የቀራነውን፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ የተማርነውን እነሱ በአንድ ዱላ ያዩታል።

ሌላም አለበት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ ከደሴ በስተሰሜን ታልፋለች፤ ስለዚህ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። መካና ደሴ ደግሞ ሁለቱም በ39ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ስላሉ ቂብላችን በትክክል ለማለት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ወደ ሰሜን ነው። በሐምሌ ቀትር ላይ ቂብላን ይዞ የቆመ ሰው ጥላው ከኋላው ነው። ትንሿ ልጃችን ይህን ባየች ጊዜ «አባ፣ እኔ ኢማም፣ ጥላዬ ማእሙም!» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ታኅሣሥ ላይ ጥላው ከፊቷ ሲሆን ምን እንደምትል እንጠብቃለን።

ሰማዩ ቢያጉረመርም እንኳ ጨዋታ አለው። የመብረቁን ብልጭታ አይተው ነጎድጓዱን እስኪሰሙ ይቁጠሩ፤ ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ቁጥሩ 30 ሳይሞላ ነጎድጓዱ ከተሰማ ግን ጨዋታው አብቅቷል፤ ወደ ቤት መግባት ነው። ዛፍ ሥር መጠለል ፈጽሞ አይገባም። ቦርከናንም ሆነ ትንንሾቹን ወንዞች በተመለከተ፣ እኛ ያለንበት ብራ ቢሆንም ላይኛው አገር የዘነበው ጎርፍ በድንገት ይደርሳልና ልጆች ወንዝ ውስጥ አይጫወቱ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በነበረባቸው ቦታዎችም የማያውቁትን ብረት እንዳይነኩ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ሐምሌ የችግኝ ወር ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በዘመቻ ይተከላል፤ መልካም ነው። ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ወፍም ሰውም እንስሳም ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት በሐዲስ ተምረናል። እኛ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ችግኝ ብቻ እንሰጣለን፤ ምክንያቱም ጥር ላይ በጀሪካን ውሃ ተሸክሞ የሚያጠጣው ያው ልጅ ነው።

ስለ ስንቁም አንድ ነገር እንበል። እናት ሌሊቱን ስታበስል አድራ፣ ሜዳ ላይ ስታቀራርብ ውላ፣ ማታ ጭቃ ልብስ የምታጥብ ከሆነ ሽርሽሩ ለእሷ የሥራ ቀን ነው። በቤታችን የዚያን ቀን ምሳ ዳቦ፣ ቆሎና ሻይ ነው። ሻዩን በፔርሙስ የሚይዘው አባት ነው፤ ጭቃ የነካውን ጫማ በር ላይ ተቀምጠው የሚያጥቡት ልጆቹ ናቸው፣ ወንዶቹም ጭምር።