ከልደታ ሜዳ እስከ ሰው ሠራሽ ጨረቃ

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥታችሁ ወደ ጦር ኃይሎች ብትጓዙ በመንገዳችሁ የልደታን ሰፈር ታገኛላችሁ። ዛሬ በዚያ ጎልቶ የሚታየው ፎቅና የባቡር ሐዲድ ነው። አለፍ ብሎ ያለውን አካባቢ ግን ባለታክሲው እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» እያለ ይጠራዋል፤ አሮጌው የአይሮፕላን ማረፊያ ማለቱ ነው። ቦሌ ከመሠራቱ አስቀድሞ የአዲስ አበባ ዋናው የአየር በር ይህ ሜዳ ነበረ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ መናኸሪያው ልደታ ነበረ። አይሮፕላኖቹ ለጦርነት ተሠርተው የነበሩ ዳኮታዎች፣ አብራሪዎቹም አሜሪካውያን ነበሩ። ኢትዮጵያውያኑ ከእነርሱ ጎን ሆነው ሥራውን ተማሩ። አሥራ አንድ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957፣ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ዳኮታውን በአዛዥነት አበረሩ። ከኢትዮጵያውያን መካከል የመንገደኛ አይሮፕላን አዛዥ ለመሆን የመጀመሪያው እርሳቸው ናቸው።

በዚያው በአውሮፓውያን ዓመት፣ መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ ላከች። ስፑትኒክ ወርዷ 58 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ 83.6 ኪሎ ግራም የሆነች ድቡልቡል ብረት ነበረች። ምድርን በ96 ደቂቃ አንድ ጊዜ ትዞር ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል የሬዲዮ ድምፅ አሰማች፤ ሦስት ወር ቆይታም በከባቢ አየር ውስጥ ተቃጠለች። ጊዜው ሊቃውንት «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ብለው ምድርንና ሰማይን በኅብረት የሚመረምሩበት ነበረ። ከተማችንም ከዚህ ጥናት አልተለየችም፤ ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ተቋቁሞ የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል ይለካ ጀመር።

ሮኬት በአንድ ቀን የተገኘ ጥበብ አይደለም። በሮኬት ከምድር መውጣት እንደሚቻል በሒሳብ ያሳየው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ በአንዲት የሩስያ ትንሽ ከተማ የሚያስተምር፣ ጆሮው በደንብ የማይሰማ የትምህርት ቤት መምህር ነበረ። ጽሑፉን ያወጣው በ1895 ዓ.ም. ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ጎዳርድም መጋቢት 7 ቀን 1918 ዓ.ም. በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራውን የመጀመሪያ ሮኬት አስወነጨፈ። ሮኬቱ የወጣው 12 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን በአየር ላይ የቆየውም ከሦስት ሴኮንድ ያነሰ ነው። ከዚያች ሜዳ እስከ ስፑትኒክ ግን 32 ዓመት አልሞላም።

አሁን ደግሞ ወደ ልደታ እንመለስ። አየር መንገዱ ቦይንግ የተባሉትን ጄቶች ሲያዝ የልደታው መንደርደሪያ አጭር ሆኖ ተገኘ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩም ስስ ነው። በስስ አየር ክንፍ የሚሸከመው ጥቂት፣ ሞተርም የሚስበው ኦክሲጅን ያነሰ ስለሆነ አይሮፕላኑ ለመነሣት ረጅም መንገድ መሮጥ አለበት። ስለዚህ ቦሌ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. ጄቶቹ ሥራ ጀመሩ። ሮኬት ግን የሚያስፈልገውን ኦክሲጅን ራሱ ተሸክሞ ይሄዳል፤ አየር ለእርሱ እንቅፋት እንጂ ደጋፊ አይደለም። ፊኛ ነፍታችሁ አፉን ሳታስሩ ብትለቁት አየሩ ወደ ኋላ ሲወጣ ፊኛው ወደ ፊት ይወረወራል፤ የሮኬትም ምሥጢር ይኸው ነው። የሚከብደው ፍጥነቱ ነው፤ ጨረቃዋ ሳትወድቅ ምድርን እንድትዞር በአንድ ሴኮንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል መብረር ይኖርባታል።

እኛ ረጅም ጊዜ የሌሎችን ጨረቃዎች ስንመለከት ኖርን። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ሊቃውንት በደብረ ዘይት ትልቅ ካሜራ ተክለው በሰማያችን የሚያልፉትን ጨረቃዎች ይከታተሉ ነበር። የራሳችን የሆነችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት የተወነጨፈችው ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። እርሻንና ውሃን፣ ደንንም ከላይ ሆና ፎቶግራፍ እንድታነሣ የታሰበች ነበረች። መቆጣጠሪያዋ በእንጦጦ ተራራ ላይ ሆነ፤ የተላከችው ግን ከቻይና ምድር በቻይና ሮኬት ነው፤ ወጪዋንም በአብዛኛው የቻለችው ቻይና ናት። በዓመቱ የተከተለችው ሁለተኛዋም በቻይና ሮኬት ሄደች።

ይህ አያሳፍርም፤ በልደታም የጀመርነው በሰው አይሮፕላንና በሰው አብራሪ ነበረ። የሚያሳፍረው ከጎን ተቀምጦ መቅረት ነው። የልደታን ታሪክ መለኪያ ብናደርገው፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ብንቆጥር 2023 ዓ.ም. ላይ እንደርሳለን። ያን ጊዜ ልንጠይቅ የሚገባን ስንት ጨረቃ ላክን ብለን ሳይሆን፣ ከእነርሱ መካከል ከእኛ ልጆች እጅ የወጣችው የትኛዋ ናት ብለን ነው።