ክፍልፋይ ምን ይጠቅማል?

«ጋሼ፣ ክፍልፋይ ምን ይጠቅመናል?» የምትሉኝ ተማሪዎች አላችሁ። የቀድሞ ተማሪያችን ዛሬ እዚሁ ናይሮቢ፣ መለዋወጫ በሚሸጥበት ኪሪንያጋ መንገድ አካባቢ መካኒክ ነው። ዘንድሮ ስጠይቀው አውቶማቲክ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ወደ ማኑዋል ሲቀይር አገኘሁት።

ካምቢዮ አውርዶ ሌላ መስቀል ብቻውን አይበቃም። ፍሪሲዮንና ሦስተኛ ፔዳል ይገጠማል፤ የሞተሩ ኮምፒውተርም ይስተካከላል። ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። ይህ መኪና በአራቱም ጎማ ይነዳል፤ የፊቱ ዲፈረንሻል ደግሞ ከካምቢዮው ጋር አብሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከኋላው ጋር መስማማት አለበት። 37 ጥርስ ለ9 ሲካፈል 4.11፣ 40 ጥርስ ለ9 ሲካፈል 4.44 ይሆናል። አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ከገባ ጎማዎቹ እርስ በርስ ይታገላሉ፤ ካምቢዮውም ይበላሻል። ልጁ ጥርሶቹን ቆጠረ፣ አካፈለ፣ ከኋላ የነበረውን ዲፈረንሻልም አውርዶ የሚስማማውን ገጠመ።

አባቱ «ያስተማርኩህ ለዚህ ነው?» ብለውት ነበር። ወላጆች ሆይ፣ አዎን፣ ለዚህም ነው። እጁ ዘይት የነካ ልጅ ትምህርቱን አልጣለም፤ እየሠራበት ነው። ሐኪሙንና ኢንጂነሩን እንደምናከብር እሱንም እናክብረው።

ተማሪዎች፣ መልካም ዕረፍት! ክፍልፋዩን ግን እንዳትረሱት።